በውሃ አገር የተጠማች ሙሽራ

ወለጋን የሚያውቅ ሰው አገሩ ውሃ እንደማይቸግረው ያውቃል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከየኮረብታው ሥር ምንጭ ይፈልቃል። በነቀምት ከተማ ከየትኛውም ሰፈር ተነስቶ ቁልቁል የወረደ ሰው እንስራውን የሚሞላበት ቦታ አያጣም። በዚህ አገር፣ በዚህች ከተማ፣ ጋኑ ጎድሎ በማያውቅ ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ሙሽራ በውሃ ጥም ጠንቅ ሞተች ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ነገሩ የሆነው ግን በንጉሡ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ እኔም እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ወይዘሮ በዛብሽ ከጎጃም ተሹመው የመጡ የግምጃ ቤት ሹም ሚስት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ከገበያው በላይ ያለው ሰፊ ግቢ ለሳቸውና ለአንድ ልጃቸው ለበላይ ቀረላቸው። ትልቁ ቤት ከግቢው ራስጌ ነው። ከዚያ ዝቅ ብለው በግራና በቀኝ የተደረደሩትን ክፍሎች ለቡና ነጋዴዎች አከራይተዋቸዋል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ከሁሉም በታች፣ ከግቢው ግርጌ ነበር። ከማለዳ እስከ ምሽት ግቢው ወንድ አያጣም፤ ጆንያ የሚያወርደው፣ በቅሎ የሚጭነው፣ በሚዛን የሚጨቃጨቀው ብዙ ነው። ከትልቁ ቤት ወጥቶ ደጅ መሄድ የፈለገ ሁሉ በዚህ ሰው መካከል አቋርጦ ማለፍ ነበረበት።

ወይዘሮ በዛብሽ በሰፈሩ የሚከበሩት በሀብታቸው አልነበረም። በሥርዓታቸው ነው። ሙሽራ የገባበት ቤት ሁሉ እሳቸውን ጠርቶ ያማክራል። ምግብ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ምራት ከአማቷ ፊት እንዴት እንደምትቆም፣ ድምጿን እስከ የት እንደምታሰማ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

በላይ ቡናና ማር ለመግዛት ወደ ኑኑ ቁምባ ሲመላለስ የአቶ ጨመዳን ልጅ ድርቤን አይቶ ወደዳት። ድርቤ ቀልጣፋ፣ ሳቋ ከማሳ ማሳ የሚሰማ፣ ሲደክማት ከምንጩ ተደፍታ በእፍኟ እየቀዳች እስክትጠግብ የምትጠጣ የገጠር ልጅ ነበረች። ወይዘሮ በዛብሽ መጀመሪያ አኮረፉ። ኋላ ግን «የባላገር ልጅ ብትሆንም ጠባይ ማስተማር የኔ ፈንታ ነው» ብለው ሽማግሌ ላኩ።

ድርቤ ከአባቷ ቤት ስትወጣ እናቷ ወይዘሮ ደራርቱ አንገቷን አቅፈው፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አማትሽን እሺ በያቸው። ያዘዙሽን ሁሉ አድርጊ። ስማችንን በክፉ አታስነሺ» አሏት። ልጇን ስትድር ይህን ምክር ያልመከረች እናት የትኛዋ ናት? ድርቤም እሺ አለች። እሺ ያለችውንም ጠበቀች።

የጫጉላው ጊዜ አለፈና ድርቤ የቤቱን ሥራ ተረከበች። ወሩ የካቲት ነበር፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ማጀቱ ደግሞ በእሳት የተነሳ እንደ ምድጃ ሆኗል። ድርቤ ገብስ ስትቆላ አርፍዳ ላቧ ጀርባዋን አራሰው። ከጋኑ በጣሳ ቀድታ ጠጣች፤ ደገመች። ጥቂት ቆይታም ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ወጣች። በጆንያው መካከል ስታልፍ ጭነት የሚያስሩት ሰዎች እጃቸውን ገትተው አዩዋት። አንዱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ተመልሳ ስትገባ አማቷ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው ጠበቋት።

«የት ነበርሽ?»

«ደጅ ወጥቼ ነው፣ እትዬ።»

«ጠዋትም ወጥተሽ አልነበረም?»

ድርቤ አንገቷን ደፋች።

«የነጋዴው ሁሉ ዓይን ከኋላሽ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ሲመለስ አይቻለሁ። የበላይ ሚስት ሽንቷን አትችልም እንዲባል ነው የምትፈልጊው? የነዚህ ጫኞች መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«ውሃ ጠጥቼ ነው፣ እትዬ። ሙቀቱ በረታብኝና...»

«ታዲያ ለምን ትጠጫለሽ? መግቢያው ከተዘጋ መውጫው አያስቸግርም። እኔ አማቴ ቤት ስገባ ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት አልወጣም። በመካከል ፀሐይ አይታኝ አታውቅም። ምን ሆንኩ? ይኸው አለሁ።»

ወይዘሮ በዛብሽ ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ከወለዷቸውም ልጆች ያደገው በላይ ብቻ እንደሆነ እውነት ነው። ይህ ከምን እንደመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም። የደረሰባቸውን ሁሉ የሴት ዕጣ ነው ብለው ተቀብለውታል፤ የተቀበሉትንም ለሌላ ማስተላለፍ ሥርዓት መስሏቸዋል።

ከዚያች ቀን ወዲያ ጋኑ ከማጀት ተነስቶ ከአማትየው አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። መቅጃው ጣሳ ትራስ ሥር ገባ። ለድርቤ ከራት ጋር አንድ ዋንጫ ውሃ ይሰጣታል፤ እሱንም አማቷ እያዩዋት ትጠጣለች። ቀን ቀን ከእሳት ፊት ስትሠራ ትውላለች፤ ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል፤ ምራቋን ለመዋጥ ትቸገራለች። የጠማትን ስትረሳ ደግሞ የሽንቷ ነገር አለ። ቢመጣባትም እስኪመሽ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ትይዘዋለች።

ሰፈሩ ብዙም ሳይቆይ አደነቃት። «የበዛብሽ ምራት ደጅ ስትወጣ ያያት የለም። እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» ተባለ። ወይዘሮ በዛብሽ ደስ ብሏቸው ጨዋነሽ የሚል ስም አወጡላት። ድርቤም በስሙ ኮራች፤ ውዳሴ ለተጠማ ሰው ለጥቂት ጊዜ እንደ ውሃ ያገለግላል። አካሏ ግን አልተታለለም። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ራሷን ከጠዋት ጀምሮ ይወቅራት ጀመር። ያ ከማሳ ማሳ ይሰማ የነበረው ሳቋ ጠፋ። ሽንቷ እንደ ጠላ ድፍድፍ ጠቆረ፤ ስትሸናም እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥላታል። በዚህ መካከል አረገዘች።

አንድ ጠዋት በላይ ወደ ጊምቢ ለመሄድ በቅሎውን ሲያስጭን ድርቤ ከበሩ ኋላ ጠራችው።

«በላይ፣ አሞኛል። ሽንቴ ያቃጥለኛል። ጎኔንም ከኋላ በኩል ይወጋኛል።»

በላይ ፊቱ ቀላ። ደጅ ያሉት ሰዎች እንዳይሰሙ ዞር ብሎ አየ።

«ይኼ ለኔ የሚነገር ነው? የሴት ነገር የምታውቅ እማዬ ናት። ለሷ ንገሪያት።»

«እሳቸው ውሃ...»

«እማዬ ያለችውን አድርጊ» አለና ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱን መድፈር የማያውቅ፣ ዝምታን እንደ ትሕትና የሚቆጥር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ስንት ሰው እንደቀበረ እናውቃለን።

ድርቤ ለአማቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ በዛብሽ ወገቧን ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብርድ ነው። ወገብሽ ብርድ ገብቶበታል። ለብርድ ደግሞ ውሃ ጠላቱ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የራቱም ይቅርብሽ። ፌጦ አጠጣሻለሁ።»

ፌጦውን በበርበሬ ለውሰው፣ በጥቂት ፈሳሽ አቅጥነው እንድትውጥ አደረጓት። ከዚያ በጋቢ ላይ ጋቢ አልብሰው ከምድጃው አጠገብ አስቀመጧት። «ብርዱ በላብ ይውጣ» አሉ። በሰውነቷ ውስጥ ተርፎ የነበረው ውሃ በላብ ወጣ። ጉሮሮዋ ተቃጠለ። «እትዬ፣ ስለ ማርያም፣ ጉንጬን ብቻ ላርጥብ» ብላ ለመነች።

«ሕመምተኛ የጠየቀውን ከሰጡት ይሞታል» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ርኅራኄ ነበረበት። ጭካኔን ከባድ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስብልን ሰው መልክ ይዞ ይመጣል።

ለቤቱ ውሃ ከምንጭ የምትቀዳው ማዘንጊያ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን እንስራዋን አዝላ ገብታ ማጀት ውስጥ አሳረፈችና ትንፋሿን ለመሰብሰብ ግድግዳውን ተደገፈች። እንስራው ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ድርቤ ከምድጃው አጠገብ ተነሳች። እየተንገዳገደች መጥታ ተንበረከከችና ምላሷን ከእርጥቡ ሸክላ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፍና የእንስራውን ሆድ ትልስ ጀመር።

ማዘንጊያ መቋቋም አልቻለችም። «ወይኔ ልጄን!» ብላ እንስራውን አዘነበለችና በእጇ ጠልፋ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ድርቤ አንድ ጊዜ ጎረሰች። ሁለተኛውን ሳትውጥ ወይዘሮ በዛብሽ ከደፉ ላይ ቆመው ነበር።

«እንደ ውሻ! በቤቴ ውስጥ ውሻ ሆነሽ ትልሻለሽ?»

«እመቤቴ፣ ልጅቷ እየሞተች ነው» አለች ማዘንጊያ። «ነፍሰ ጡር እኮ ናት። ከብት እንኳ ወንዝ ይወርዳል።»

«ከብት ነው ወንዝ የሚወርደው! የኔ ምራት ግን ሰው ናት፤ ራሷን ትገዛለች!» ብለው እንስራውን በእግራቸው ገፉት። እንስራው ተንከባሎ ከምድጃው ድንጋይ ጋር ተጋጨና ተሰበረ። ውሃው በመሬቱ ላይ ፈሰሰ፤ ከአመዱ ጋር ተቀላቀለ። ድርቤ መዳፏን እርጥቡ መሬት ላይ አድርጋ መልሳ ከንፈሯ ላይ አሳረፈችው። ወይዘሮ በዛብሽ አዩዋት፤ ፊታቸውንም አዞሩ። «አንቺ ደግሞ ካሁኗ ሰዓት ጀምሮ ቤቴን አትረግጪም» አሏት ማዘንጊያን።

ማዘንጊያ ዕቃዋን በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ወደ ዘመዶቿ አልሄደችም። ከገበያ የሚመለሱ የኑኑ ቁምባ ሰዎችን ተቀላቅላ ተጓዘች። የአቶ ጨመዳን ቤት እየጠየቀች ደረሰች። ወይዘሮ ደራርቱ «አካም ጅርቱ፣ ግቡ» ሲሏት፣ ሰላምታውን ሳትመልስ «ልጅዎን ይድረሱላት» አለቻቸው።

ወይዘሮ ደራርቱ ነቀምት ሲደርሱ በላይ ከጊምቢ ገና መመለሱ ነበር። በቅሎዎቹ ጭነታቸው አልወረደም። ወይዘሮ በዛብሽ ከበሩ ላይ ቆመው እንግዳዋን በደንቡ ተቀበሉ።

«እንኳን ደህና መጡ። ጥቂት አሟታል። ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽቻታለሁ። አሁን ተኝታለችና ባትቀሰቀስ ይሻላል።»

«ልጄን ልያት።»

«ይቀመጡ፣ እግርዎን ይታጠቡ...»

«እግሬን አልታጠብም። ልጄን!» ብለው ገፍተው ገቡ።

ድርቤ ጋቢ ተደራርቦባት ትንቀጠቀጣለች። ገላዋ እንደ ጋለ ብረት ያቃጥላል። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ ከንፈሯ ላይ የደረቀ ደም አለ። እናቷን አላወቀቻቸውም፤ ጠረናቸውን ግን ያወቀች ይመስላል። ነቀምት ከገባች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ስታወራ ኖራ፣ አሁን በእናቷ ቋንቋ ተናገረች።

«አዮ... ቢሻን። ቢሻን ና ኬኒ።»

እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ ማለቷ ነው። በነቀምት ከተማ ይህንን ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ወይዘሮ በዛብሽም ያውቁታል።

ወይዘሮ ደራርቱ ዙሪያውን ተመለከቱ። ጋኑ ከአማትየው አልጋ አጠገብ፣ እንደተከደነ አለ። ክዳኑን ወረወሩት። መቅጃ ሲያጡ በእፍኛቸው ቀዱና ለልጃቸው አቀመሷት። ድርቤ ዋጠች፤ ወዲያው አስመለሳት። እናትየው ወደ በላይ ዞሩ።

«እኔ ልጄን የሰጠሁት ለሰው መስሎኝ ነበር። አንተ እዚህ ቤት ውስጥ ምንድን ነህ?»

በላይ አፉን ከፈተ፤ እናቱን አየ። እናቱ «የበረታ ምች ነው እንጂ...» ብለው ሲጀምሩ ግን «በቃ እማዬ! በቃ!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ ሙሉ እናቱ ላይ ሲጮህ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የመጣው ግን በጣም ዘግይቶ ነው።

ጫኞቹን ጠርቶ ቃሬዛ አሠራ። ፊታቸውን እንዳታይ፣ እነሱም እንዳያዩዋት ተብላ ውሃ የተከለከለችባቸው እነዚያ ወንዶች በጠራራ ፀሐይ ተሸክመዋት በገበያው መካከል ወደ ሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ሮጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ባቻ የሚባለው፣ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ይሄድ ነበር። ያቺ በየካቲት የቀለደባት ቀልድ ትዝ ብላው እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ሐኪም ቤት በደረሱ በማግስቱ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። ትኩሳቷ በመድኃኒት ጥቂት በረደ። ሁሉም ተስፋ ሲያደርግ ሌላ ነገር መጣ። ድርቤ ሽንት አልመጣት አለ። ቀኑ ዋለ፤ የለም። ነጋ፤ የለም። ሐኪሙ መርምረዋት ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ረዳታቸውን ድሬሰር ሞረዳን ጠርተው በዝግታ ነገሩት።

ሞረዳ የጊዳ አያና ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ ይናገራል። ወደ ሕመምተኛዋ ክፍል ሲገባ ወይዘሮ ደራርቱ ቀዝቃዛ ውሃ በቅል ይዘው የልጃቸውን ራስ ቀና እያደረጉ ነበር። ቅሉን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወስዶ መስኮቱ ላይ አኖረው።

«ውሃ አይስጧት፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ደራርቱ ቀና ብለው አዩት።

«አንተም?» አሉት። «አንተም እንደ አማቷ ነህ?»

ሞረዳ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «ይስሙኝ» አለ። «በወገባችን ግራና ቀኝ ኩላሊት የሚባል አለ። ሥራው ደማችንን ማጠብ ነው። የሚያጥበው ደግሞ በምንጠጣው ውሃ ነው፤ እድፉን በሽንት ያወጣዋል። ሰው ውሃ ካልጠጣ እድፉ ይወፍራል። ሽንቱን ሲይዝ ደግሞ ውስጡ ይመረቅዛል። የመረቀዘው ወደ ላይ ይወጣና ኩላሊቱን ይበላዋል። በነፍሰ ጡር ላይ ይህ ሁሉ ይብሳል። ማቃጠል የጀመራት ጊዜ ውሃ በደንብ ጠጥታ እዚህ ብትመጣ ኖሮ በጥቂት ቀን ድና ትሄድ ነበር። ብዙዎች ድነው ሄደዋል። አሁን ግን ኩላሊቷ ሥራውን አቁሟል። የምትጠጣው ውሃ መውጫ የለውም። ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ያሰጥማታል።»

«ውሃ አጥታ ታመመች ትላለህ። አሁን ደግሞ ውሃ ይገድላታል ትላለህ።»

«አዎን፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ደራርቱ የነጠላቸውን ጫፍ አረጠቡና የልጃቸውን ከንፈር ዳበሱ። የተፈቀደው ያ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ በዛብሽ ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሙ። ተከናንበው መጥተዋል፤ ግቡ ያላቸው፣ ውጡ ያላቸውም አልነበረም። የድርቤ ፊት ማበጥ ጀመረ። እግሯ፣ እጇ አበጠ። ያ የደረቀ ገላ ውሃ ቋጠረ፤ ጉሮሮዋ ግን እንደ ተጠማ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ስትገልጥ አማቷን አየቻቸው። ልጅቷ እንደ ልማዷ ለመነሳት ሞከረች። አማት ባሉበት ምራት አትተኛም ተብላ ተምራለችና።

«እትዬ» አለች፤ ድምጿ አይሰማም። «አሁንስ ልጠጣ?»

ወይዘሮ በዛብሽ ዘለው ተነሱ። «ጠጪ!» አሉ። «ጠጪ ልጄ! የፈለግሽውን ያህል ጠጪ!» መስኮቱ ላይ የነበረውን ቅል አንስተው እየተጣደፉ ወደ አፏ አስጠጉ፤ ውሃው በደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ሞረዳ ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

«አይሆንም፣ ወይዘሮ።»

«ልቀቀኝ! ለመነችኝ! አሁን ልሰጣት ነው፣ ልቀቀኝ!»

«አሁን ከሰጧት ይገድሏታል።»

ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ። ድርቤ አንዴ አማቷን፣ አንዴ መሬት ላይ የፈሰሰውን ውሃ አየች። እንደ ተከለከለች ገባት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። «እሺ እትዬ» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ ስትል ትንፋሿ ቆመ።

ቀብሯ በኑኑ ቁምባ ሆነ። ወይዘሮ በዛብሽ እስከዚያ ድረስ ሄደው ከሐዘንተኛው ጋር ሊቀመጡ ፈለጉ። ወይዘሮ ደራርቱ አላባረሯቸውም። አጠገባቸው ቦታ ሰጥተው እንዲህ አሏቸው፦ «እርስዎ ከለከሏት። እኔ ደግሞ እሺ በዪ ብዬ ላኳት። ሁለታችን ነን የቀበርናት። ይቀመጡ።» ይህ ንግግር ለወይዘሮ በዛብሽ ከእርግማን ከበዳቸው። በላይ ከቀብሩ በኋላ ወደ እናቱ ቤት አልተመለሰም። ጊምቢ ቤት ተከራይቶ ቀረ። እናቱ ሲልኩበት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይሰጥም ነበር።

ዓመት አለፈ። በዚያው ሰፈር ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የሚባሉ እናት ወንድ ልጃቸውን ዳሩ። በሠርጉ ግብዣ ላይ ወይዘሮ በዛብሽም ተጠሩ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙሽሪት ኢትዮጵያ ትባላለች፤ ካባዋ ከባድ ነው፤ ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከእንግዶቹ ጋር እየዞሩ «ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አላለችም። አንድ ጉንጭ ውሃ አልቀመሰችም፤ እንዲህ ነው ጨዋ ልጅ!» ይላሉ። ሴቶቹም እልል ይላሉ።

ወይዘሮ በዛብሽ ከተቀመጡበት ተነሱ። ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ከሙሽሪት ፊት ቆሙ።

«ጠጪ» አሏት።

ሙሽሪት ወደ አማቷ አየች። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በዓይናቸው እንቢ አሉ።

«እሷን አትዪ» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ፤ ድምፃቸው ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። «እኔን እዪ። እኔ ምራቴን በውሃ ጥም ገድያለሁ። ልጅ በሆዷ ነበር፤ እሱንም ገድያለሁ። ምች ነው፣ ብርድ ነው ያልኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው። እየለመነችኝ ከልክያት ነው የሞተችው።»

ከበሮ ይዛ የነበረችው ሴት ከበሮዋን መሬት ላይ አኖረች። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ «በልጄ ሠርግ ቀን ምን ሟርት ነው!» ብለው ጮኹ፤ አንዳንድ ሰዎችም ሴትዮዋን እጃቸውን ይዘው ለማውጣት ተነሱ። ወይዘሮ በዛብሽ አልተንቀሳቀሱም። ብርጭቆውን እንደ ያዙ ቆሙ። ሙሽሪት እጇን ሰደደች። ተቀበለችና እስከ ታች ጠጣችው። ሌላም ቀዱላት፤ እሱንም ጠጣችው። ጥቂት ቆይተውም እጇን ይዘው አስነሷት፤ በእንግዳው ሁሉ መካከል፣ በቀን ብርሃን፣ ከጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ወሰዷት። እስክትወጣ ድረስም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ያየ ይይ ብለው ቆመው ጠበቋት።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገሯቸውም። ሰፈሩም ለምክር መጥራቱን ተወ፤ «ገዳይ» እያለ በሹክሹክታ የሚጠራቸው በረከተ። እሳቸው ግን ሙሽራ ገባ ሲባል ሳይጠሩ ይሄዱ ነበር። አንዳንድ ቤት በር ይዘጋባቸዋል። አንዳንድ ቤት ይሰሟቸዋል።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ልማድ የአንድ ወገን ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ ደጅ እንዳትታይ ጥሟን የምትውጥባቸው፣ ሕመምተኛ «ውሃ ያባብስበታል» ተብሎ የሚከለከልባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ውሃ ለገላችን ቅንጦት አይደለም። ደማችን የሚታጠበው በሱ ነው፤ ትኩሳታችን የሚበርደው፣ በእናት ማኅፀን ያለው ልጅ የሚያድገው በሱ ነው። ሽንት መሽናትም ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰውን ልጅ ከዚህ መከልከል ነው። ጥም ሲጀምር አይጮህም፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሽንት ያጠቁራል። ይህን ያየ ሰው ቶሎ ቢያጠጣና ቢያሳክም ነገሩ በዚያው ያበቃል። ያልፋል ብሎ የተወው ግን ውሃ ራሱ መድኃኒትነቱን የሚያጣበት ቀን ይመጣበታል።

ዛሬ ለምሳ ስትቀርቡ፣ ለራሳችሁ ከመቅዳታችሁ በፊት ከእሳቱ ፊት የዋለችውን «ጠጥተሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ጠጥቻለሁ» ብትላችሁም ቀድታችሁ ስጧት።